ራስን መሳትና ሾክ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰው ሲወድቅ ሰው ይሰበሰባል። አንዱ ክብሪት ይጭራል፣ አንዷ ሎሚ ፍለጋ ትሮጣለች፣ ሌላው ደግሞ «ቀና አድርጉት፣ አየር ያግኝ!» እያለ ብብቱ ስር ገብቶ ያነሳዋል። ሁሉም ለመርዳት ነው። ከሁሉ የሚጎዳው ግን ያ ማንሳቱ ነው። ድንገተኛ ክፍል ስለምሠራ ስለ መውደቅና ስለ ሾክ ያልተጠየቅኩት ነገር የለም። ለቅሶ ቤት ቁጭ ብዬ እንኳን ተጠይቄያለሁ። ደጋግመው የሚመጡትን እነሆ።

ራስን መሳትና ሾክ አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ ግን ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም የደም ዝውውር ጉዳይ ናቸው።

ራስን መሳት ማለት ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለአፍታ ሲቀንስ ሰው ተዝለፍልፎ መውደቁ ነው። ብዙውን ጊዜ ከሰከንዶች አያልፍም። ይወድቃል፣ ይነቃል፣ «ምን ሆኜ ነው?» ይላል።

ሾክ ሌላ ነው። በወሬ ላይ «ዜናውን ስሰማ ሾክ ሆንኩ» እንላለን። ኮረንቲ የያዘውንም ሰው «ሾክ አደረገው» እንላለን። ሐኪም ካርድ ላይ «ሾክ» ብሎ ሲጽፍ ግን ድንጋጤም ኮረንቲም ማለቱ አይደለም። ኩላሊቱም፣ ጉበቱም፣ አንጀቱም፣ አንጎሉም በቂ ደም እያገኙ አይደለም፣ ኦክስጅን እያጠራቸው ነው ማለቱ ነው።

ልዩነቱን ለመያዝ አንድ ነገር ይበቃል። ራሱን የሳተ ሰው ሲያስተኙት ይሻለዋል። ሾክ ውስጥ የገባ ሰው ግን ቢያስተኙትም እየባሰበት ይሄዳል። ደግሞ ሾክ ውስጥ ያለ ሰው ራሱን ላይስት ይችላል። ስሙን በትክክል ነግሯችሁ፣ ውሃ ለምኗችሁ፣ ከሰዓታት በኋላ ሊሞት ይችላል። ለዚህ ነው ዘጭ ብሎ ከወደቀው ይልቅ ጥግ ይዞ ዝም ብሎ የገረጣው የሚያስፈራኝ።

ሰው ለምን ራሱን ይስታል?

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ልብ ከምትረጨው ደም ግን ወደ 15 በመቶ የሚሆነውን ይወስዳል። ይህን ሁሉ እየወሰደ ለክፉ ቀን ብሎ የሚያስቀምጠው ነገር የለውም። ደሙ ከ6 እስከ 8 ሰከንድ ከተቋረጠበት መብራቱ ይጠፋል።

አሁን ከአልጋ ብድግ ስትሉ ምን እንደሚሆን አስቡ። ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። ሰውነት ወዲያው የደም ሥሮችን ያጠብባል፣ ልብን ያፈጥናል፣ ግፊቱን ይጠብቃል። ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሠራልን አናውቀውም። አንድ ቀን ሲዘገይ ወይም ሲሳሳት ግን ዓይናችን ይጨልማል።

ሦስት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው ሰውነት በተሳሳተ ምላሽ ግፊቱን ራሱ ሲጥለው ነው። ሁለተኛው ስንቆም ግፊቱ ሲወርድና ሳይመለስ ሲቀር ነው። ከቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው የግፊት ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ፣ አለዚያም የታችኛው በ10 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ሐኪሞች «ሲቆሙ የሚወርድ ግፊት» ይሉታል። የውሃ እጥረት፣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ የቆየ ስኳር በሽታና እርጅና ዋና ምክንያቶቹ ናቸው። ሦስተኛው ከልብ ነው። የሚያስፈራው እሱ ነው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

መርፌ ወይም ደም ሳይ ፌንት የምበላው ፈሪ ስለሆንኩ ነው?

አይደለም። ደረቱ የሰፋ፣ ጂም የሚውል ጎረምሳ ለቲታነስ ክትባት እጁን ሰጥቶ ወለሉ ላይ ሲዘረጋ ስንቴ አይቻለሁ። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ግድግዳ ታክኬ ቁልቁል ወርጃለሁ። አሁን እስቅበታለሁ፤ ያኔ ግን አላስቀኝም።

ከላይ ያልኩት የተሳሳተ ምላሽ ይህ ነው። ቫሶቫጋል ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1932 ያወጣለት ብሪታኒያዊው የልብ ሐኪም ቶማስ ሉዊስ ነው። ደም ሲያዩ፣ ሲያምዎት ወይም ሲጨናነቁ ቬገስ የሚባለው ነርቭ ልብን ያቀዘቅዛል። በዚያው ቅጽበት የደም ሥሮች ይላላሉ። ልብ ዘገየች፣ ሥሩ ሰፋ፣ ግፊቱ ተናደ።

ደግነቱ ሳያስጠነቅቅ አይመጣም። መጀመሪያ ያዛጋል፣ ያቅለሸልሻል፣ ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቃል። ከዚያ ጆሮ ይጮኻል፣ የሰው ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ይሆናል፣ ዓይን ከዳር ዳር ይጨልማል። እዚህ ላይ ያላችሁ ጊዜ ትንሽ ነው። አታፍሩ፤ ተኙ። መተኛት ካልተቻለ ቁጢጥ በሉ። እሱም ካልሆነ እግር ለእግር አጣምራችሁ ጭናችሁንና መቀመጫችሁን አጥብቁ፣ እጅ ለእጅ ያዙና ሳትለቁ ወደ ውጪ ጎትቱ። ጡንቻ ሲጨመቅ ደሙን ወደ ላይ ይመልሰዋል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ጥናት ሞክረውታል። ካልሠለጠኑት ታካሚዎች 51 በመቶዎቹ እንደገና ራሳቸውን ሲስቱ ከሠለጠኑት ግን 32 በመቶዎቹ ብቻ ሳቱ። መድኃኒት የለው፣ ወጪ የለው፤ እንዲህ ያለ ነገር እወዳለሁ።

መርፌ የሚያስደነግጣችሁ ከሆነ ነርሷን አስቀድማችሁ ንገሯትና ተኝታችሁ ውሰዱ። ማንም አይስቅባችሁም። ከሳቀም እንደኔ ያለ ቀን ይገጥመዋል።

ቅዳሴ ላይ ወይም ታክሲ ውስጥ ሰው ቶሎ የሚወድቀው ለምንድን ነው?

ቆሞ ማስቀደስን እንውሰድ። ሰዓቱ ረጅም ነው፣ ሰዉ ተጠጋግቷል፣ ቤቱ ሞቋል። ጾም ከሆነ ደግሞ ውሃም እህልም አልተቀመሰም። ደም እግር ላይ ይጠራቀማል። የባት ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ነው ደሙን ወደ ላይ የሚገፋው፤ ሳይነቃነቅ የቆመ ሰው ይህን ፓምፕ አጥፍቶታል። ሰልፍ ላይ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ተማሪዎችና ወታደሮች የሚወድቁትም በዚሁ ነው።

ታክሲውና አውቶቡሱ ላይ ደግሞ የራሳችን ጥፋት አለበት። መስኮት ሲከፈት «ንፋስ ይመታኛል» የሚል ሰው አይጠፋም። ከዚያ ሃያ ሰው በአንድ ትንፋሽ ይታፈናል። ነፋሱ የመታው ሰው እስካሁን አልመጣልኝም፤ ሙቀቱ የጣለው ግን ብዙ ነው።

ረጅም ቆሞ የሚያስቀድስ ሰው ጣቱ ላይ ተነስቶ ይውረድ፣ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውር። ዓይኑ ሲጨልም መቋሚያውን ተደግፎ ከመንገታገት ወለሉ ላይ ይቀመጥ። የማይጾም ሰው ከመቆሙ በፊት ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቢጠጣ በጣም ያግዘዋል። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ጾመኛ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያነጋግር፤ የመድኃኒቱ ሰዓት ወይም መጠን መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።

ሲወድቅ ተንቀጠቀጠ። የሚጥል በሽታ ነው ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ይህን ጥያቄ ዘለግ አድርጌ የምመልሰው በዚህ ምክንያት ያለ በሽታቸው ስም የወጣላቸው፣ ሠርጋቸው ሳይቀር የተስተጓጎለ ሰዎች ስለማውቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 በርሊን ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ሆን ብለው ራሳቸውን እንዲስቱ አድርገው በቪዲዮ ቀረጿቸው። ሙሉ በሙሉ ራሳቸውን ከሳቱት 42 ሰዎች መካከል 38ቱ እጅና እግራቸው ተወራጭቷል። የሚጥል በሽታ ያለበት አልነበረም። አንጎል ደም ሲያጥረው መወራጨት የተለመደ ነገር ነው። ዓይንም ተገልጦ ወደ ላይ ይሰቀላል፤ ተመልካች ይደነግጣል።

እንዴት ይለያል? በተራ ራስን መሳት መወራጨቱ የሚመጣው ከወደቀ በኋላ ነው፣ የሚቆየውም ለጥቂት ሰከንድ ነው፣ ሰውየውም ቶሎ ነቅቶ ያለበትን ያውቃል። የሚጥል በሽታ ከሆነ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ድርቅ ይላል፣ መንቀጥቀጡ ከአንድ ደቂቃ ይበልጣል፣ ምላሱን ከጎን ይነክሳል፣ ከነቃም በኋላ ለብዙ ደቂቃ ይፈዛል። ሽንት ማምለጡ ግን በሁለቱም ስለሚታይ አይለይም።

ክብሪቱስ? ለሁለቱም አይሠራም። ራሱን የሳተው ሰው ጭሱን አሽትቶ የነቃ የሚመስለው ክብሪቱ ሲጫር ሰዓቱ ስለደረሰ ነው። ባይጫርም ይነቃ ነበር። ጭሱ ያስላል፣ እሳቱ ፊት ያቃጥላል። ቁልፍ ማስጨበጥ፣ አፍ ውስጥ ማንኪያ መክተትም ይቅር። ማንኪያው ጥርስ ይሰብራል።

ፊቴ ሰው ቢወድቅ ምን ላድርግ?

በጀርባው አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉለት። ቀበቶና የአንገት ቁልፍ ይፈታ፣ ነጠላ ከአንገት ይውረድ፣ ሰዉ ገለል ይበል። እግር ለማንሳት ቦርሳም፣ የወንበር ጀርባም፣ የራሳችሁም ጉልበት ይሆናል። ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ በተለይ ሆዷ ከገፋ፣ በግራ ጎኗ ትተኛ። በጀርባዋ ከተኛች ማህፀኗ ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል።

ከዚያ ደረቱን ተመልከቱ። ይተነፍሳል? በወጉ የሚተነፍስ ከሆነ ጠብቁት፣ ሰዓት እዩ። ካስመለሰው በጎኑ አዙሩት። የማይተነፍስ ከሆነ ወይም በረጅም ጊዜ አንዴ ብቻ አየር እየሳበ የሚያቃስት ከሆነ ይህ ራስን መሳት አይደለም፤ ልብ ቆማለች። አምቡላንስ እንዲጠራ አንድ ሰው ላኩ። እናንተ ደረቱ መሃል ላይ ሁለት እጃችሁን አነባብራችሁ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር እየገባ፣ በኃይል ጫኑ።

ውሃ አፉ ውስጥ አታፍስሱ። ፊት ላይ ጥቂት መርጨት ጉዳት የለውም፤ ራሱን ያልተቆጣጠረ ሰው አፍ የገባ ውሃ ግን ወደ ሳንባ ይገባል። ከነቃ በኋላም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይተኛ። ቶሎ የተነሳ ሰው ደግሞ ይወድቃል፤ ሁለተኛው ውድቀት ነው ጥርስ የሚሰብረው።

ስኳር ታማሚ ከሆነና ኢንሱሊን ወይም ኪኒን ወስዶ ምግብ ካልበላ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ሲያስተኙት ቶሎ አይነቃም። መዋጥ ከቻለ ስኳር በውሃ ወይም ለስላሳ ይሰጠው። መዋጥ ካልቻለ ወደ ጤና ተቋም ነው።

መቼ ነው ራስን መሳት የሚያስፈራው?

እየሮጠ ወይም ኳስ እየተጫወተ ሳለ የወደቀ ሰው። ከጨዋታ በኋላ ቆሞ ሲያርፍ የወደቀ አላልኩም፤ በጨዋታው መሃል። ዴንማርካዊው ክርስቲያን ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 2021 ኮፐንሀገን ላይ በአውሮፓ ዋንጫ ሜዳ ውስጥ ሲወድቅ ልቡ ቆማ ነበር። ወዲያው ደረቱን ተጭነው፣ በማሽን ንዝረት ሰጥተው ነው የመለሱት።

ተኝቶ ሳለ ራሱን የሳተ፣ ምንም ሳያስጠነቅቀው በአፍታ የተዘረረ፣ ከመውደቁ በፊት ደረቱን ያመመው ወይም ልቡ የተንደቀደቀችበት፣ በቤተሰቡ በልጅነቱ ድንገት የሞተ ሰው ያለበት፣ የልብን በሮች (ቫልቮች) ከሚጎዳው ከሩማቲክ የልብ በሽታ ጋር የሚኖር፤ እነዚህ ሁሉ በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው። ኢሲጂ የሚባለው የልብ ምርመራ አጭር ነው፣ አያምም፣ ብዙ ነገር ይናገራል።

አንዲት ሴት ወር አበባዋ ቀርቶ ሆዷን አሟት ራሷን ከሳተች ጽንሱ ከማህፀን ውጪ ሊሆንና ሆዷ ውስጥ እየደማች ሊሆን ይችላል። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰው ራሱን ከሳተም ጨጓራው ወይም አንጀቱ እየደማ ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ በራስን መሳት መልክ የመጡ ሾኮች ናቸው። ወደ እሱ እንሂድ።

የሾክ ዓይነቶች ስንት ናቸው?

አራት። የቤታችሁን ውሃ አስቡት። ጣሪያ ላይ ሮቶ አለ፣ ፓምፕ አለ፣ ቧንቧ አለ። ከቧንቧው ውሃ አልመጣ ካለ ምክንያቱ ከአራቱ አንዱ ነው።

ሮቶው ባዶ ነው፦ ደም ፈሷል፣ ወይም ሰውነት በተቅማጥ፣ በትውከት፣ በቃጠሎ ፈሳሽ አጥቷል። ሃይፖቮሌሚክ ይባላል።

ፓምፑ ተበላሽቷል፦ የልብ ድካም የጠናበት፣ ከባድ የልብ ምት ችግር ያለበት፣ የልብ ጡንቻው ደም የተቋረጠበት ሰው። ካርዲዮጀኒክ ነው።

መስመሩ ተዘግቷል፦ ልብ ደህና ናት፣ ደሙም አለ፣ ግን መንገድ የለም። ከእግር ተነስቶ ሳንባ ላይ የተሰነቀረ የረጋ ደም አንዱ ነው። በልብ ሽፋን ውስጥ ተጠራቅሞ ልብን የሚያንቅ ፈሳሽ ሌላው ነው፤ በእኛ አካባቢ ቲቢ ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ነው። ደረቱን ተወግቶ አየር ሳንባውን የጨፈለቀበትም እዚህ ይገባል። ኦብስትራክቲቭ ይሉታል።

አራተኛው ቧንቧዎቹ ሁሉ በአንዴ ሲሰፉ ነው። ውሃው ያው ነው፣ ፓምፑም ይሠራል፣ ቧንቧው ግን በዝቶበታል፤ ግፊት የለም። ዲስትሪቢዩቲቭ ነው ስሙ። በደም ውስጥ የተሰራጨ ኢንፌክሽን፣ ከባድ አለርጂና የአከርካሪ ነርቭ ጉዳት እዚህ ውስጥ ናቸው።

ሾክን በምክንያቱ ለመከፋፈል ቀድመው ከሠሩት አንዱ አሜሪካዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም አልፍሬድ ብላሎክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1934። ከእሱ ጋር ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሠራ የነበረው ቪቪየን ቶማስ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፣ የሕክምና ዲግሪ አልነበረውም፣ ስሙም ለብዙ ዓመት ተዘሎ ነበር። ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም።

አንድ ታካሚ ሁለቱን ደርቦ ሊይዝም ይችላል። ኢንፌክሽን ሥሩን አስፍቶበት፣ ተቅማጥ ሮቶውን ያራቆተበት ሕፃን ብዙ አያለሁ።

«ግፊቷ ደህና ነው» ተባልን። ታዲያ ምን ያስፈራል?

ብዙ ሰው ያለቀው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።

አንድ ጎልማሳ 5 ሊትር ያህል ደም አለው። እስከ 750 ሚሊ ሊትር ቢፈስ ብዙም አይታይበትም። ከ750 እስከ 1500 ሚሊ ሊትር ሲፈስ ልብ ትፈጥናለች፣ እጅ ይቀዘቅዛል፣ የላይኛው የግፊት ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ እንዳለ ነው። በግልጽ የሚወርደው ብዙውን ጊዜ ከ1500 ካለፈ በኋላ ነው። ማለት ግፊቱ ሲወርድ ከሰውነቷ ደም ሲሶው ሄዷል። ሕፃናት ደግሞ ከዚህም የባሱ ናቸው፤ እስከ መጨረሻው ይታገላሉ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይሰበራሉ።

የወለደች ሴት ዋና ምሳሌ ናት። ከወሊድ በኋላ 500 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም መፍሰስ ከመጠን በላይ ተብሎ ሲሠራበት ኖሯል። ግማሽ ሊትር ግን አንሶላና ፎጣ ላይ ሲበተን ማን ይለካዋል? «ወላድ ትደማለች» ተብሎ ይታለፋል። ሴትየዋ ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየቀየረች ከሆነ፣ ጥም ጥም ካላት፣ ልቧ ከ100 በላይ እየመታች ከሆነ፣ ከቆመች የሚያዞራት ከሆነ ግፊቱ ምንም ይበል ምን ሐኪም አምጡ። ገንፎው ይደርሳል።

ሾክ መሆኑን ቤት ውስጥ በምን አውቃለሁ?

መሣሪያ አያስፈልግም። የእጅ ጣት ጥፍር ለ5 ሰከንድ ጫን አድርጉና ልቀቁ። የነጣው ከ3 ሰከንድ በኋላም ካልቀላ ደሙ እየደረሰ አይደለም። ክፍሉ ብርድ ከሆነ ሊያሳስት ይችላል፤ ግንባሩ ወይም ደረቱ ላይ ድገሙት። እጅና እግሩን ዳብሱ፤ ቀዝቅዞ ላብ አለው? ትንፋሹ ፈጥኗል? ከጠዋት ጀምሮ ሸንቷል? ሽንት መቅረቱ ትልቅ ምልክት ነው፤ ኩላሊት ደም ሲያጣ ቀድሞ ሱቁን ይዘጋል። ሰውየው መቅበዝበዝ፣ መነጫነጭ፣ ማይሆን ነገር መቀባጠር ከጀመረም አንጎሉ እየተጎዳ ነው። «ተናደደ» ብላችሁ አትለፉት።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በኢንፌክሽን የመጣ ሾክ መጀመሪያ ላይ እጁ ሞቃት፣ ፊቱም ቀላ ያለ ሊሆን ይችላል፤ ሥሩ ሰፍቷላ። ትኩሳት፣ ፈጣን ትንፋሽና መቀባጠር አንድ ላይ ከመጡ የእጁ ሙቀት አያታልላችሁ።

በአተት ሰው እንዴት በአንድ ቀን ይሞታል?

ሮቶው ስለሚራቆት ነው። የከፋ ኮሌራ በሰዓት አንድ ሊትር ያህል ፈሳሽ ሊያስወጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1832 ስኮትላንድ ውስጥ ቶማስ ላታ የተባለ ሐኪም በኮሌራ ሊሞቱ የደረሱ ሰዎች ደም ሥር ውስጥ ጨው ያለው ውሃ ሰጥቶ አንዳንዶቹን መልሷል። የዛሬው ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ፈሳሽ ከዚያ ይጀምራል።

መጠጣት የሚችል ሰው ግን መርፌም አያስፈልገው። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ፣ ብዙዎቻችን ለምለም የምንለው፣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጥ። ከሌለ በ1 ሊትር ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ማንኪያው አፉ ይላጭ እንጂ አይቆለል። ያስመልሰዋል ብላችሁ አትተዉ። 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀስ እያላችሁ በማንኪያ ቀጥሉ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሆዱን ቆንጥጣችሁ ስትለቁ ቆዳው እንደተቆነጠጠ ከቀረ ወይም መጠጣት ካቃተው እየሰጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

ደከመኝ፣ አዞረኝ። አንድ ግሉኮስ ቢተከልልኝስ?

ኧረ ይህን ጥያቄ! ክሊኒክ ሄዶ ግሉኮስ ሳይተከልለት የተመለሰ ሰው ያልታከመ ይመስለዋል።

የተለመደው አንድ ሊትር ግሉኮስ ውስጥ ያለው ስኳር 50 ግራም ነው። ግማሽ ሊትር ለስላሳ ውስጥ ካለው ጋር ተቀራራቢ ነው። ለሾክ ደግሞ አይሆንም፤ ውሃው ከደም ሥር ውስጥ ቶሎ ይወጣል። ለሾክ የሚሰጠው ኖርማል ሳላይን ወይም ሪንገር ላክቴት የሚባለው ጨው ያለው ፈሳሽ ነው። ለደማ ሰው ደግሞ ደም።

ፈሳሽ መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት ደግሞ ሊጎዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ፊስት የተባለ ጥናት ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ውስጥ ትኩሳትና የደም ዝውውር ችግር ያለባቸውን ከ3 ሺህ በላይ ሕፃናት ተከታትሏል። ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው ውስጥ በ48 ሰዓት የሞቱት ከ10 በመቶ በላይ ነበሩ። በፍጥነት ካልተሰጣቸው ውስጥ 7.3 በመቶ። ብዙ ሐኪም አላመነም ነበር። ጥናቱ በተቅማጥ የደረቁ ሕፃናትን አላካተተም፤ እነሱ ፈሳሽ ይፈልጋሉ። ግን ለሁሉም ሾክ አንድ ጠርሙስ መስቀል እንደማይሆን አሳይቷል። ፓምፑ የተበላሸበት ሰው ላይ ውሃ ብትጨምሩ ሳንባው ነው የሚያጥለቀልቀው።

ፔኒሲሊን ተወግቶ ወደቀ። አለርጂ ነው?

ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ሩማቲክ የልብ በሽታ ያለባቸው ወጣቶች በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጉት መርፌ ስለሆነ ጥያቄው ቀላል አይደለም።

ከመርፌው ፍርሃት የወደቀ ሰው ይገረጣል፣ ልቡ ትዘገያለች፣ ቆዳው ላይ ሽፍታ የለም፣ ሲተኛ ይመለሳል። ከባድ አለርጂ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቆዳው ያሳክካል፣ እንደ ሳማ የነካው ይሆናል፣ ከንፈርና ምላስ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያፏጫል፣ ልብ ትፈጥናለች። ቆዳ ላይ ምንም ሳይታይ ግፊት የሚወርድበትም አለ። መድኃኒቱ አድሬናሊን ነው። ለጎልማሳ ግማሽ ሚሊ ግራም፣ ጭን ላይ በውጪ በኩል፣ ጡንቻ ውስጥ፣ ወዲያውኑ። አለርጂን የሚያስታግሱ ኪኒኖች ማሳከኩን እንጂ ሾኩን አይመልሱም። ሰውየውን አታስነሱት፣ «እስቲ ተራመድ» አትበሉት። ትንፋሽ ካጠረው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥ።

አንድ ሦስተኛ ነገርም አለ። ቫልቩ ክፉኛ የተጎዳበት ታማሚ በመርፌው ሕመምና ፍርሃት ግፊቱ ወርዶ የታመመችው ልብ መቋቋም ሊያቅታት ይችላል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 እንዲህ ላሉ ታማሚዎች የሚዋጠውን ፔኒሲሊን ማሰብ እንደሚገባ መክሯል። መርፌውን ግን በራሳችሁ አታቁሙ። ካርዳችሁን ይዛችሁ የልብ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

መርዶ የሰማ ሰው በድንጋጤ ሊሞት ይችላል?

አብዛኛው የሚወድቀው በቫሶቫጋል ነው፤ አስተኙት፣ ይነቃል። መርዶ በሌሊት፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ቤቱ ሳለ የሚነገርበት ወጋችን በዚህ በኩል ብልህነት አለው። ቢወድቅ የሚይዘው ሰው አለ፣ መኪና እየነዳም አይደለም።

ግን አንድ የታወቀ በሽታ አለ። ጃፓናውያን እ.ኤ.አ. በ1990 ነው የገለጹት፤ ታኮትሱቦ ይባላል። ልብ በከባድ ሐዘን ወይም ድንጋጤ የተነሳ ጫፏ ተነፍቶ ጃፓናውያን ኦክቶፐስ የሚያጠምዱበትን ማሰሮ ትመስላለች። ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ወር አበባ የተቋረጠባቸው ሴቶች ናቸው። ደረት ያማል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ የልብ ጡንቻ ደም ሲቋረጥበት ከሚመጣው ሕመም (ሃርት አታክ) ለመለየት ያስቸግራል። ጥቂቶቹ ካርዲዮጀኒክ ሾክ ውስጥ ይገባሉ፤ አብዛኞቹ በሳምንታት ውስጥ ልባቸው ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ስለዚህ ለቅሶ ላይ «ደረቴን ወጋኝ» ያለች እናት «ሐዘን ነው» ተብላ አትታለፍ። ኢሲጂ ትነሳ።

አምቡላንስ በየት ቁጥር?

ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አዲስ አበባ ላይ 939ም አለ። አሜሪካ ያላችሁ 911፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ እስራኤል 101፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998። ስልኩን ስታነሱ መጀመሪያ ያላችሁበትን ቦታ ተናገሩ፣ ከዚያ «ይተነፍሳል» ወይም «አይተነፍስም» በሉ። ታሪኩን በኋላ።